ከደላላው በፊት ካርታውን እንይ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ለጉዞ የተነሳ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

በካኩማም፣ በናይሮቢ ኢስሊም፣ በካምፓላም ባለነው ስደተኞች መካከል አዲስ የመንገድ ስም እየዞረ ነው፦ ጆርጂያ። አርሜኒያ የሚልም አለ። "በአውሮፕላን ትብሊሲ ትገባለህ፣ ከዚያ በመኪና ቱርክ፣ ከቱርክ አውሮፓ። ሰሃራ የለም፣ ሊቢያ የለም፣ ባሕር የለም" ይላል ደላላው። ጆርጂያ ሲባል አትላንታ ያለችበት ጆርጂያ መስሏቸው "ልጄ አሜሪካ ሊገባ ነው" ብለው ስለት የተሳሉ እናትም አሉ። ደላላው አላረማቸውም። ለምን ያርማቸዋል? እንጀራው እሱ ነው።

ከወሬው ጎን ደግሞ ዝምታ አለ። ብዙ ሽማግሌዎችና የማኅበር መሪዎች ስለ መንገድ ማውራት መንገድ ማሳየት ይመስላቸዋል። "አትሂዱ" ይላሉ፣ በቃ። ፎርም ፎርን የጨረሰ፣ ሥራ የሌለው፣ ፕሮሰሱ ስንት ዓመት እንደቆመ የማያውቅ የ20 ዓመት ልጅ "አትሂድ" የሚል ቃል ብቻ ያቆመዋል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ከክፍል ስወጣ ተከትለው የሚጠይቁኝ ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ ድንበር ነው። ከእኛ ያልሰሙትን ከደላላው ይሰማሉ፤ ደላላው ደግሞ ካርታ አያሳይም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ስለ ካውካሰስ ድንበሮች እውነቱን በዝርዝር፣ በአደባባይ መናገር አለብን። ለሚሄደውም፣ ለሚቀረውም፣ ገንዘብ ለሚልከውም። እንግዲህ ልጀምር።

መጀመሪያ ካርታው

ካውካሰስ በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል ያለ ተራራማ ምድር ነው። ሦስት አገሮች አሉበት፤ ጆርጂያ፣ አርሜኒያና አዘርባጃን። በሰሜን ሩሲያ፣ በደቡብ ቱርክና ኢራን ይዋሰኗቸዋል። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዳቸውም ከአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ጋር የየብስ ድንበር የላቸውም። ከጆርጂያ ተነስቶ በየብስ የኅብረቱ ጫፍ ለመድረስ ቱርክን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያም በኋላ የሚጠብቀው የቡልጋሪያና የግሪክ የድንበር አጥር ነው። "ከትብሊሲ አውሮፓ ቅርብ ነው" የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

"ጆርጂያ እኮ ሼንገን ያለ ቪዛ ትገባለች" የሚለውም በከፊል እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚያታልለው። ከማርች 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጆርጂያ ዜጎች ባዮሜትሪክ ፓስፖርት ይዘው ለአጭር ጊዜ ያለ ቪዛ ሼንገን ይገባሉ። የጆርጂያ ዜጎች! በጆርጂያ የሚኖር፣ የሚማር ወይም የሚያልፍ የውጭ ሰው መብት አይደለም። በዲሴምበር 2023 ጆርጂያ ለኅብረቱ አባልነት እጩ ሆናለች፤ እጩ መሆን ግን አባል መሆን አይደለም፣ በርም አይከፍትም።

ድንበሮቹ አንድ በአንድ

ጆርጂያና ቱርክ፦ ዋናው በር በጥቁር ባሕር ዳር ያለው ሳርፒ ነው፤ ከባቱሚ ትንሽ ወጣ ብሎ ይገኛል። በር ስለሆነ ካሜራ፣ ኮምፒውተርና የሁለት አገር ፖሊስ አለበት። የቱርክ ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ሳይዝ ከመጣ ይመለሳል። ደላላው "ሳርፒ እንጥልሃለን" ሲል እውነቱን ነው፤ እንጥልሃለን ነው ያለው፣ አናሻግርህም።

አርሜኒያና ቱርክ፦ ይህ ድንበር ከ1993 ጀምሮ ዝግ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ2022 ለሦስተኛ አገር ዜጎች ለመክፈት ተስማምተው ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2023 ቱርክ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታም ለእርዳታ መኪናዎች ለጥቂት ጊዜ ተከፍቷል። ይህን ዜና ይዞ "ተከፍቷል" የሚል ደላላ አለ። ስምምነት በር አይደለም። አካባቢውን የሩሲያ ድንበር ጠባቂዎችም ከ1992 ስምምነት ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ፈንጂም የተቀበረበት ድንበር ነው።

አርሜኒያና አዘርባጃን፦ ዝግ ነው። ሁለቱ አገሮች በናጎርኖ ካራባክ ምክንያት በተደጋጋሚ ተዋግተዋል። በሴፕቴምበር 2023 ከ100,000 በላይ አርመኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከካራባክ ተሰደዋል። ያን ምድር ለቀው የወጡት የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ እኛ በየትኛው ጎዳና እናልፋለን? ጦርነቱ የተወው ፈንጂ ዛሬም እረኛና ገበሬ ይገድላል።

አዘርባጃን፦ ከማርች 2020 ኮሮና ጀምሮ የየብስ ድንበሯን ለመንገደኛ ዘግታ ለዓመታት ደጋግማ አራዝማለች። ከጆርጂያ ጋር የሚያገናኘው ቀይ ድልድይ የሚባለው በር በካርታ ላይ ክፍት ይመስላል፤ ሄዶ የቆመበት መንገደኛ ግን ይመለሳል። ወደ ባኩ የሚገባው በአውሮፕላን ነው።

ጆርጂያና ሩሲያ፦ ለመንገደኛ የሚሠራው አንድ በር ብቻ ነው፤ ላርስ ይባላል። መንገዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጅቫሪ መተላለፊያ ያልፋል፣ በክረምት በበረዶ ናዳ ይዘጋል። በሴፕቴምበር 2022 ሩሲያ ወንዶችን ለጦርነት ስትጠራ በዚህ በር ላይ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ሰልፍ ሆኖ ነበር፤ በሩ አጠገብም የጦር ምልመላ ቢሮ ተከፍቶ ነበር። በሰሜን በኩል "በሩሲያ ቪዛ እናስገባለን" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱ። በ2025 የኬንያ መንግሥት ራሱ ዜጎቹ በሥራ ስም ተታለው ወደ ሩሲያ ጦር መግባታቸውን በይፋ ተናግሯል። አገር ያለው፣ ኤምባሲ ያለው ኬንያዊ እንዲህ ከሆነ እኛን ማን ይጠይቅልናል?

አብካዚያና ደቡብ ኦሴቲያ፦ በጆርጂያ ውስጥ ያሉ፣ ከ2008 ጦርነት ወዲህ የሩሲያ ጦር የያዛቸው ግዛቶች ናቸው። በጆርጂያ ሕግ ከሩሲያ በኩል ወደ እነዚህ ቦታዎች መግባት ወንጀል ነው። ስታልፍ ማንም ላያስቆምህ ይችላል፤ የምትታሰረው ትብሊሲ ስትደርስ ነው። በደቡብ ኦሴቲያ መስመር ላይ ደግሞ የሽቦ አጥር አለ፤ የጠፋች ላሙን ሊፈልግ የሄደ ገበሬ ሳይቀር ይያዛል።

አርሜኒያና ኢራን፦ በአራስ ወንዝ ላይ አጋራክ የሚባል ክፍት በር አለ። ለጭነት መኪናና ቪዛ ላለው መንገደኛ ይሠራል። ከኢራን ወደ ቱርክ በተራራ ማቋረጥ ግን በየክረምቱ ሰው በብርድ የሚሞትበት መንገድ ነው። ያን ተራራ ያለፈም አልዳነም፤ በጁን 2020 በቱርክ ቫን ሐይቅ ላይ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ሰምጣ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። "ባሕር የለም" ነበር የተባለው። ሐይቁን ማን ነገራቸው?

እንግዲህ ቆጥሩ። አርሜኒያ ከአራት ጎረቤቶቿ የሁለቱ በር ዝግ ነው። የአዘርባጃን ዝግ ነው። ክፍት የሆኑት በሮች የሚከፈቱት ወረቀት ላለው ሰው ነው። ወረቀት ለሌለው ሰው ካውካሰስ ሦስት ግቢ ያለው አጥር ነው።

እዚያ ላላችሁ ወይም ልትሄዱ ለተነሳችሁ

በትምህርት፣ በሥራ ወይም በጉብኝት ቪዛ በሕጋዊ መንገድ እዚያ የደረሱ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። ከገልፍ አገሮች የጸና የመኖሪያ ፈቃድ ይዘው ለአጭር ጊዜ ጆርጂያ የሚገቡ እህቶችም አሉ። ይህ ፈቃድ ከአሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ አሠሪው ከሰረዘው እዚያ የመቆየት መሠረቱም አብሮ ይፈርሳል። ደንቡም ይለዋወጣል። ከመነሳት በፊት ከአገሩ ኤምባሲ ራስህ ጠይቅ፤ የቲክቶክ ቪዲዮ ኤምባሲ አይደለም። ቪዛ ይዘህም ቢሆን የድንበሩ መኮንን አላስገባም የማለት ሥልጣን አለው፤ በመጣህበት አውሮፕላን ይመልስሃል። የሚያድርበትን ቦታ፣ የመመለሻ ትኬቱንና የያዘውን ገንዘብ ማሳየት ያልቻለ ሰው ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

በየብስ ለምትንቀሳቀሱ ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድም የምላችሁ ይህ ነው፦

አንደኛ፣ በበር እለፉ። ከትብሊሲ ወደ የሬቫን የሚሄደው ሚኒባስ፣ ማርሽሩትካ ይሉታል፣ ሳዳኽሎ በሚባለው በር ያልፋል። መንገደኛው ወርዶ በእግሩ ፓስፖርቱን ያስመታል፤ ሾፌሩ ከወዲያ ማዶ ይጠብቃል። መውጫና መግቢያ ማኅተማችሁን ቆማችሁ እዩ። ያልተመታ ማኅተም ኋላ የሚያሳስር ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ፓስፖርታችሁን ለሾፌርም፣ ለደላላም፣ "ለአስተናጋጅም" አትስጡ። ለመኮንን ትሰጣላችሁ፣ ወዲያው ትቀበላላችሁ። ፎቶውን ለምታምኑት ዘመድ ላኩ።

ሦስተኛ፣ የሰው ዕቃ አትያዙ። "ይህችን ለእህቴ አድርስልኝ" የሚባል ነገር ድንበር ላይ የለም። መድኃኒትም ቢሆን የራሳችሁን ብቻ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች በጆርጂያ ሕግ ጥብቅ ናቸው፤ እዚህ በየፋርማሲው የምናገኘው ኪኒን እዚያ ያሳስራል።

አራተኛ፣ በጫካና በተራራ "ሁለት ሰዓት ብቻ ነው" ለሚላችሁ አሻጋሪ እምቢ በሉ። ሁለቱ ሰዓት የእሱ ነው፤ እሱ ተመልሶ ቤቱ ይተኛል። በቡድን ጠፍታችሁ ከሆነ ግን አትደበቁ፤ በጆርጂያም በቱርክም 112 ይደወላል። መታሰር ይሻላል፤ የታሰረ ይፈታል፣ በበረዶ የቀረ አይመለስም።

አምስተኛ፣ ከጥገኝነት ጋር የተያያዘው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ጆርጂያ የ1951ን የስደተኞች ስምምነት በ1999 ተቀብላለች፣ አርሜኒያና አዘርባጃን በ1993። ስለዚህ ወደ አገርህ ብትመለስ አደጋ ካለብህ ለድንበር ፖሊሱ "ጥገኝነት እጠይቃለሁ" ማለት ትችላለህ፤ ይህ መብት እንጂ ልመና አይደለም። የስምምነቱ አንቀጽ 31 ከአደጋው ቦታ በቀጥታ የመጣና ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ያቀረበ ሰው በሕገወጥ አገባቡ እንዳይቀጣ ይጠብቃል። "በቀጥታ" የሚለውን ቃል እዩት። ኬንያ ወይም ኡጋንዳ ተመዝግቦ ጥበቃ አግኝቶ የኖረ ሰው "እዚያ ጥበቃ ነበረህ፣ ለምን መጣህ?" የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። እዚያም የደረሰብህ አደጋ ካለ ማስረጃውን ያዝ። ተረት ለሚሸጥልህ ሰው ገንዘብ አትክፈል፤ የገዛኸው ተረት በሁለተኛው ኢንተርቪው ይፈርሳል፣ እውነተኛ ታሪክህንም ይዞት ይሄዳል።

ቱርክን በተመለከተ፦ ቱርክ ስምምነቱን የፈረመችው በጂኦግራፊ ገደብ ነው፤ ሙሉ የስደተኛነት መብት የምትሰጠው ከአውሮፓ ለመጣ ሰው ነው። ለእኛ ያለው ጊዜያዊ፣ በሁኔታ የታሰረ ጥበቃ ነው፤ በተመደብክበት ከተማ መኖር አለብህ። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮም ምዝገባው ከዩኤን ወጥቶ በቱርክ መንግሥት እጅ ነው። "ቱርክ ዩኤን አለ፣ እዚያ ፕሮሰስህ ይፈጥናል" የሚለው ወሬ ጊዜው ያለፈበት ነው።

"ተስፋ ትገድላለህ" ለሚሉኝ

ይህን ስናገር ሁለት ዓይነት ሰው ይቆጣኛል። አንዱ "መንገድ ታሳያለህ" ይላል። መልሴ፦ መንገዱ ተሽጧል፣ እኔ የማሳየው ገደሉን ነው። ሳሩን ብቻ ያየ በሬ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ካርታውን ያወቀ ልጅ ከደላላው ጋር ሲቀመጥ "በየትኛው በር? በምን ቪዛ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ደላላ የሚፈራው ፖሊስን ብቻ አይደለም፣ ጥያቄንም ይፈራል።

ሌላው ደግሞ "አንተ በኢንሴንቲቭ ደሞዝህ ተቀምጠህ የወጣቱን ተስፋ ትገድላለህ" ይላል። ይህኛው ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ቁስሉ እውነት ነው። ከካምፕ ለመውጣት ፓስ እየጠየቁ ማርጀትን አውቀዋለሁ። ልጆቼን "ታገሡ" ብቻ ብዬ ማስተማር አልችልም። ግን ተስፋና ወሬ አንድ አይደሉም። ተስፋ ሲጠየቅ ይጠነክራል፤ ወሬ ሲጠየቅ ይጠፋል። በዚያ ላይ አገሩን ለቆ የወጣ ሰው እዚህ ያለው ፋይሉ ይቆማል። ለሰባት ዓመት የጠበቀው ፕሮሰስ ኢንተርቪው ሲደርሰው እሱ የለም። ይህን ኪሳራ ደላላው በሂሳቡ ውስጥ አይጽፈውም።

ገንዘቡን ለምትልኩ ዘመዶች

ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ፣ ፍራንክፈርት፣ ሪያድ ያላችሁ ወንድም እህቶቻችን፣ ነገሩ እናንተ እጅ ላይ ነው። ያለ እናንተ ገንዘብ ይህ ገበያ አይቆምም። ስልኩ ሲደወልና "ዛሬ ካልላክሽ ዕድሉ ያመልጠኛል" ሲባል ጨንቆን እንልካለን። ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የምትገባበት በር ስሙ ማን ነው? ቪዛው ማን የሰጠው ነው፣ ፎቶውን ላክልኝ። ቪዛው ሲያልቅ የት ትሆናለህ? ፓስፖርትህ በማን እጅ ነው? ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ሙሉ ስሙ ማን ነው? አንዱ እንኳ መልስ ከሌለው አትላኩ። "እህቴ ጨከነችብኝ" ይባል። የተቀየመ ወንድም ይታረቃል።

ያን ገንዘብ ለሌላ ነገር ማዋልም ይቻላል። እዚሁ ካኩማና ዳዳብ ላሉ ተማሪዎች የካናዳው ውስክ ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን በዩኒቨርሲቲ እየተቀበለ ያሰፍራል፤ የሚፈልገው ውጤት ነው፣ ውጤት ደግሞ አስጠኚ፣ መጽሐፍና ፀሐይ መብራት ይፈልጋል። የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ዩኒኮር በሚባለው ፕሮግራም ከ2019 ጀምሮ ዲግሪ ያላቸውን ስደተኞች ከኢትዮጵያ በመጀመር፣ ኋላም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለማስተርስ በቪዛ ወስደዋል። ዳፊ የሚባለው ስኮላርሺፕ እዚሁ አካባቢ ያስተምራል። ቤተሰብ ማገናኘትም አለ፤ እዚያ ያለ ባል፣ ሚስት ወይም ወላጅ ፋይሉን ይክፈት። ቦታዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አልዋሽም። ነገር ግን ማመልከቻው በነፃ ነው፤ የዩኤን አገልግሎትም በሙሉ በነፃ ነው። ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው።

አንድ ታሪክ ላንሳ። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ከአርመኖች እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆችን አግኝተው፣ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች ተባሉ፤ የነሐስ ሙዚቃ ቡድን ሆኑ። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከእልቂት የሸሹ ልጆች በእኛ አገር በክብር የኖሩት ማንም በተራራ ስላሻገራቸው አልነበረም። አንድ መንግሥት በሩን ስለከፈተላቸው ነው፤ ስማቸው ተጽፎ፣ ማረፊያቸው ታውቆ ነው የመጡት። ዛሬ ያ ዕዳ በእኛ አቅጣጫ ይዙር ብለን ድምፃችንን ማሰማት እንችላለን፤ ለኤምባሲዎች፣ ለዩኤን፣ ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች። ለደላላ የምንከፍለውን ጉልበት ግማሹን እንኳ ለዚህ ብናውለው የሚከፈት በር አይጠፋም።

እስከዚያው ካርታውን አስተምሩ። በዚህ ሳምንት በየቤታችሁ፣ በየቡና መጠጫው፣ በየቴሌግራም ግሩፑ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ "ከትብሊሲ በኋላ በየትኛው በር?" መልሱን አብራችሁ ፈልጉ። ጽሑፉን ለሚመለከተው ሰው ላኩት፤ ያለ ስሜም ቢሆን ግድ የለኝም፣ ኮፒ አድርጉት።

እዚያ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ የምታውቁት የተለወጠ ነገር ካለ ከታች ጻፉልን። በር ተከፍቶ ከሆነ ተከፈተ በሉን፤ ተዘግቶ ከሆነም ሰው ሳይነሳ ይስማ።